ድንጋይ አስቀምጣ የወጣችው

አስካለ ማረፏን የነገረችኝ ታናሽ እህቷ ወይንሸት ናት፤ በስልክ። «አስኩ አረፈች። ድንኳኑ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነው» አለችኝና እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ዘጋችው። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ማልቀስ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ሳይሰናበቱ መሄድ ለካ የቤተሰቡ ጠባይ ነው፤ እኔ እስከዛሬ የአስካለ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አስካለ በሕይወቷ ማንንም «ደህና ሁን» ብላ ስትሰናበት አላየሁም። እኛ አገር ሰው ከሰው ቤት እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። አንዴ ተነስቶ መልሶ ይቀመጣል፣ «ምነው ቸኮልክ» ይባላል፣ በሩ ላይ ሌላ ወሬ ይጀመራል፣ አጥር ድረስ ይሸኛል፣ ዋናው ወሬ ደግሞ የሚመጣው አጥሩ ጋ ነው። አስካለ ዘንድ ይህ ሁሉ የለም። ወሬዋን መሐል ላይ ቆርጣ፣ ሹራቧን ወንበሩ ላይ ጥላ፣ ሻይዋን ግማሽ ላይ ትታ ትነሳለች። «ቦታዬን ያዝልኝ» ትላለች፤ በቃ ሄደች። እውነትም ትመለሳለች። መቼ እንደምትመለስ ግን እሷና እግዜር ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

አንድ ጊዜ ለግንቦት ልደታ ጌጃ ሰፈር እኛ ቤት ጠራኋት። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይበላል፤ እሷ ለእናቴ የአንድ ሌባ ታሪክ ታወራላታለች። ሌባው ሰው ቤት ገብቶ ሳለ ባለቤቱ ይመጣበታል፤ የሚገባበት ቢያጣ አልጋ ሥር ይወሸቃል። እናቴ የያዘችውን ንፍሮ ረስታ ታዳምጣለች። «ከዚያማ ሰውየው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል…» አለችና አስካለ ተነሳች። እናቴ እጇን ልትታጠብ የሄደች መስሏት ሳህኗን ከደነችላት፤ እስኪመሽም ያን ሳህን ማንም እንዳይነካው አለች። በኋላ ሲገባት አዘነች። «ምን ቅር አሰኘናት?» እያለች ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? አስካለ በማግስቱ ቢሮ ስትገባ፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳትል፣ «…አልጋው ሥር ሌባው እንቅልፍ ወስዶት ያንኮራፋል» አለችና ሥራዋን ጀመረች። ማታ ለእናቴ ነገርኳት፤ እየሳቀች ይቅር አለቻት።

መሥሪያ ቤታችን ልደታ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት። ማንበብ ለሚጀምሩ ጎልማሶች መጻሕፍት የምናዘጋጅ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። እኔ ጽሑፉን አዘጋጃለሁ፤ ሒሳብ የተማረችው አስካለ የኮምፒዩተሩ ኃላፊ ናት። ኮምፒዩተሩ ስል ያለን አንድ ነው፤ በእርዳታ የመጣ፣ የራሱ ክፍልና የራሱ ሰማያዊ ልብስ ያለው። ችግሩ እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አያውቅም። የአማርኛ መጽሐፍ ለሚሠራ ቤት አማርኛ የማይችል ማሽን ተሰጥቶን፣ መጻሕፍቱን የምንመታው እዚያው በአሮጌው የጽሕፈት መኪና ነበር። አስካለ ይህ ነገር አንገበገባት። «ሲ» የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከአንድ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ላይ ተምራ፣ ማሽኑን ፊደል ላስቆጥረው ብላ ተነሳች።

እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! እያንዳንዱን ፊደል ባለካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እንሥላለን። እኔ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ቅርጹን እወስናለሁ፤ እሷ ነጥቡን ወደ ቁጥር እየለወጠች ፕሮግራሟ ውስጥ ትከታለች። ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሀ ለ ሐ መ በስክሪኑ ላይ መውጣት ጀመሩ። «ጨ» ግን አስቸገረችን። ካሬው ጠባብ፣ የእሷ እግር ብዙ፤ ከ«ጠ» አልለይ አለች። ምሳ ሰዓት ላይ እየበላን እንኳ ስለ «ጨ» እግር ነው የምንጨቃጨቀው። «በዚህች ፊደል የተነሳ ጠጉሬ ሊሸብት ነው» ትለኝ ነበር አስካለ።

አለቃችን ጓድ ታደለ ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ርክክብ የሚባል ነገር ግን ደማቸው ውስጥ አለ። ከሥራ ሲወጡ ወንበራቸውን ጠረጴዛው ሥር ይከታሉ፣ መስኮቱ መዘጋቱን በእጃቸው ይሞክራሉ፣ ግራጫ ባርኔጣቸውን ያጠልቃሉ፣ ከዚያ እያንዳንዳችንን በየስማችን እየጠሩ ደህና እደሩ ይላሉ። ባርኔጣቸውን የትም ጥለው አያውቁም፤ ተቀምጠው እንኳ ጭናቸው ላይ ነው የሚያደርጉት። ማሽኑ ሲዘጋም ቆመው ያያሉ። «ጓድ አስካለ፣ እንደተረከብሽው አስረክቢ» ይላሉ፤ የዘወትር ቃላቸው ነች።

አስካለ ትስቃለች፤ ቢሆንም ታዘዘች። ፕሮግራሟ ሥራውን ሲጨርስ የያዘውን ሁሉ መልሶ እንዲወጣ አድርጋ ጻፈችው፤ ስክሪኑን ለእንግሊዝኛው፣ ኪቦርዱን ለእንግሊዝኛው፣ የተቀመጠበትን ቦታ ለማሽኑ። እንዲገባኝ ብላ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው ያስረዳችኝ።

«ፕሮግራም የሚወጣበት ሁለት መንገድ አለ» አለችኝ። «አንደኛው ኤግዚት ነው፤ ክሊራንስ አስፈርሞ እንደሚለቅ ሠራተኛ በለው። ከንብረት ክፍል ነፃ፣ ከመዝገብ ቤት ነፃ፣ ከሁሉም ነፃ ተብሎ በበሩ ይወጣል። ሁለተኛው በመስኮት መዝለል ነው። ያልመለሰው ሳይመለስ፣ የጀመረው ሳይጨረስ፣ ውጭ ነው።»

«አንቺስ በየትኛው ነው የምትወጪው?» አልኳት። መልስ ሳጣ ቀና ብል ወንበሩ ላይ ሹራቧ ብቻ ነበር።

ወዴት እንደሄደች አላጣሁትም። ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ነው። በዚያ ዘመን ስኳሩም ዘይቱም ሳሙናውም በሰልፍ ነበር፤ ሰው ደግሞ ሥራ አለበት። ስለዚህ ማለዳ ሄዶ ሰልፉ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ድንጋዩ ከተቀመጠ ባለቤቱ እንደቆመ ይቆጠራል። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ከኋላ ያለው ሰው በእግሩ ገፋ ያደርግለታል። የአስካለን ድንጋይ ጌጃ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል፤ ድብልብል ጥቁር፣ አናቱ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ ያለበት። አንድ ቀን አንዱ ድንጋይዋን ወዲያ ጥሎ ቦታዋ ላይ ቆሞ ብታገኘው ሰፈሩን ቀወጠችው። ሴቶቹ አንድ ሳይቀሩ ለድንጋዩ መሰከሩለት፤ ሰውየውም ወደ ኋላ ሄደ።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ያ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር። የአስካለ ፕሮግራም ሲሠራ አማርኛ ይጻፋል፤ ግን ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ ማረም የለ፣ ማተም የለ። መጽሐፍ ለመጻፍ ከማሽኑ ጋር የመጣው የጽሕፈት ፕሮግራም መከፈት አለበት። እሱ እንዲከፈት የእሷ ፕሮግራም መውጣት አለበት። የእሷ ደግሞ ጨዋ ነውና ሲወጣ ፊደሉን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ነው የሚወጣው። የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሲከፈት እንግሊዝኛ ብቻ ይጠብቀናል። ይሄ ካልተፈታ የእኛ «ጨ» ከመጫወቻነት አታልፍም። ለወራት እዚህ ላይ ተቸነከርን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አስካለ ፕሮግራሟን ነካክታ አስነሳችው፤ መሐል ላይ የራሷ ስህተት ገጠመውና ምንም ሳይመልስ በመስኮቱ ዘለለ። ፕሮግራሙ ወጣ፤ ስክሪኑ ላይ ግን እንግሊዝኛ አልተመለሰም። አስካለ የሆነ ቁልፍ ነካች። ማሽኑ ያልገባው ትእዛዝ ሲሰጠው በእንግሊዝኛ የሚያወጣትን የተለመደች ስሞታ፣ «ባድ ኮማንድ»ን፣ አንድ በአንድ በእኛ ፊደል ተክቶ ደረደራት፦ «በአደ ቸኦመመአነደ»።

ሆዴን ይዤ ስስቅ ጓድ ታደለ ገቡ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየጠቆሙ አነበቡት። «በ፣ አ፣ ደ። ቸ፣ ኦ፣ መ፣ መ…» ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለዋውጧል።

«ይህ የማን ቋንቋ ነው? ከማን የመጣ መልእክት ነው?»

«ከማንም አይደለም ጓድ» አለች አስካለ። «ማሽኑ ነው። ያዘዝሽኝ አልገባኝም እያለ ነው።»

«እንግሊዝኛው የት ሄደ?»

«አለ። የእኛን ፊደል ለብሶ ነው።»

«አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ማሽኑ ወደ ነበረበት እንዲመለስ አንዴ ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ግን ማብሪያ ማጥፊያውን በጀርባዋ ከልላ ቆመች።

«ጓድ፣ ፕሮግራሙ እኮ ወጥቷል» አለች። «እሱ ወጥቶ ፊደሉ ቀረ። ካጠፋሁት የቀረው ሁሉ ይሄዳል። ምን ምን እንደቀረ ማየት አለብኝ።»

«የመንግሥት ንብረት አበላሽተሽ ደግሞ ማየት አለብኝ ትያለሽ? ይህ አሻጥር ነው።»

አሻጥር። ዛሬ ልጆች ሲሰሙት ይስቁ ይሆናል። በዚያ ዘመን ግን ሰውን ከጠረጴዛው አንስቶ የሚወስድ ቃል ነበር፤ አንዳንዱ ከሄደበት አይመለስም። ማሽኑን ፈርማ የተረከበችው እሷ ናት። ጓድ ታደለ «ጥበቃውን ጠርቼ እመጣለሁ» ብለው ወጡ፤ በሩን ግን እንደ ልማዳቸው ቀስ አድርገው ዘጉት።

«አስኩ፣ በናትሽ አጥፊው» አልኳት። «ነገ ትደግሚዋለሽ።»

«ነገ በዚህ ዓይነት ላይበላሽልኝ ይችላል» አለች።

ፈርታ ነበር ብዬ ልዋሽ አልችልም። ፊቷ ቦግ ብሎ በርቷል። ተቀመጠችና የጽሕፈት ፕሮግራሙን ስም በጣቷ ልማድ መታችው። ተከፈተ። ማዘዣዎቹ ሁሉ የተደበላለቀ ፊደል ሆነው ፈሰሱ። እኔ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ በሩን በሩን አያለሁ። እሷ አንዴ ቀና ብላ በትከሻዬ አሻግራ ወደ መስኮቱ አየችና ፈገግ አለች፤ ምን እንዳሳቃት አልገባኝም። ከዚያ «ጨ»ን መታች።

«ጨ» መጣች! በዚያ ባዕድ ፕሮግራም ውስጥ፣ ስንጣላላት የከረምነው የራሳችን «ጨ»፣ ሙሉ እግሯን ይዛ ቁጭ አለች። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። «ው» ተከተለች። ክፍት ቦታ። «ገ»። «ዘ»። መልሳ «ዛ» አደረገቻት። ልትጨርስ አንድ ፊደል ሲቀራት ማሽኑ ድርቅ አለ። ምንም ብትነካው አይሰማም። «ጨው ገዛ» እንዳለ ቀረ።

አለቀልን አልኩ። አስካለ ከወንበሯ ዘላ ተነስታ ሁለት ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ድንጋይ አላስቀመጠም! ደሳለኝ፣ ድንጋይ ሳያስቀምጥ ነው የወጣው!»

«የምን ድንጋይ?»

«ስማኝማ። በመስኮት ሲወጣ ፊደሉን ትቶልን ወጣ፤ ይሄ ጥሩ። ግን የነበርኩበትን ቦታ ያዙልኝ አላለም። ማሽኑ ባዶ መሰለውና ለሚቀጥለው ሰጠው። የጽሕፈት ፕሮግራሙ መጣ፣ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ቆመ፣ እየሰፋ ሲሄድ ፊደላችንን ረገጠው። ክሊራንሱም አይሆነንም፤ መስኮቱም አይሆነንም። ድንጋይ አስቀምጦ መውጣት ነው። መጽሐፉ ላይ አለ እኮ! ወጥቶም ቦታውን የማይለቅበት ትእዛዝ አለ። አንብቤው አልፌዋለሁ፤ ለምን እንደሚጠቅም አልታየኝም ነበር።»

በሩ ተከፈተ። ጓድ ታደለ ብቻቸውን ናቸው።

«ጥበቃው ቦታው የለም» አሉ ማንንም ሳያዩ። ወደ ስክሪኑ ቀረቡና ቆመው አዩት። «ጨው ገዛ» ብለው አነበቡ። «ማነው የገዛው?»

«እኛ ነን ጓድ። ጨው ገዛን ነበር፤ ‹ን› ሳትደርስ ደረቀብኝ።»

«የታለች ‹ን›?»

«ነገ ትመጣለች።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዟዙሩት ጀመር። በመጨረሻ «እስከ ነገ» አሉ። አስካለ ማሽኑን በገዛ እጇ አጥፍታ ሰማያዊ ልብሱን አለበሰችው። አስረክቢ ሳይሏት አንድን ነገር በሥርዓት ዘግታ ስትሄድ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ስገባ ቀድማኝ ገብታለች። የለወጠችው ጥቂት መስመር ነው። ፕሮግራሟን አስነሳችው፤ ፊደሉን ዘረጋ፣ ቦታዬን ያዙልኝ ብሎ ወጣ። የጽሕፈት ፕሮግራሙን ከፈተች። «ጨው ገዛ» ብላ መታችና እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጓድ ታደለን አየቻቸው። እሳቸውም ጣታቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ «ን»ን ፈልገው፣ መቷት። መጣች። ማሽኑ አልደረቀም። እኔ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ፤ አስካለም አጨበጨበች። ጓድ ታደለ ወንበሩን ስበው ተቀመጡና የገዛ ስማቸውን እስከነአያታቸው ጻፉ። ስለ አሻጥር ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም። በዚያ ማሽን ብዙ መጽሐፍ ሠራን፤ እንደዚያን ጠዋት ግን ተደስቼ አላውቅም።

መንግሥት ተለወጠ፤ መሥሪያ ቤታችንም ተበተነ። ሁላችን ክሊራንስ ለማስፈረም ከክፍል ክፍል ስንንከራተት፣ አስካለ አንድ ጠዋት ሹራቧን ወንበሯ ላይ ጥላ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ሹራቡን ማንም ደፍሮ አላነሳውም። ዕቃው ለሽያጭ ሲወጣ ወንበሩ ከነሹራቡ ተጭኖ ሲሄድ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ እንጂ አንገናኝም ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋት ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ ነው። ካፌ ገባን። ጠጉሯ ሸብቷል፤ በ«ጨ» ምክንያት ነው አለችኝ። ሻይዋን ፉት እያለች፣ «ጓድ ታደለ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር እኮ» አለች። «ስለዚያ ቀን ሊነግሩኝ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ያኔ ጥበቃውን ሊጠሩ ሲወጡ…» ውጭ ረዳቱ «ልደታ! ልደታ!» አለ። ተነሳች። «ቦታዬን ያዝልኝ» ብላኝ ታክሲው ውስጥ ገባች። ሻይዋ ግማሽ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ አንድ ቀን መጥታ ትጨርስልኛለች ብዬ ነዋ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቷል። ወይንሸት ከሩቅ አይታኝ ራሷን ነቀነቀች። ተቀምጬ ትንሽ እንደቆየሁ ጋሽ ታደለ በከዘራ ገቡ። አርጅተዋል፤ ባርኔጣው ግን እንደዚያው ግራጫ ነው። እጅ ነስተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። አላስቻለኝም።

«ጋሽ ታደለ፣ አስካለ ወሬ ጀምራልኝ ነበር። ያኔ ጥበቃውን ሊጠሩ ሲወጡ… ብላ ነው የተነሳችው።»

ፈገግ አሉ። «ጥበቃው ቦታው ነበር» አሉኝ። «እንዲያውም ተነስቶ ሰላም አለኝ። አልፌው ሄድኩ። ግቢውን ዞሬ መጥቼ በመስኮታችሁ አጮለቅሁ። ‹ጨ›ን ስትመታ አይቻታለሁ። ዕድሜዬን ሰው ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ ነኝ፤ እሷን እንዴት አድርጌ ላስይዛት?»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሯትም?»

«አለቃ ነኝ። የንብረቱ ኃላፊ ነኝ። በምን አፌ?» ባርኔጣቸውን ዳሰስ አደረጉት። «ዓመት ሙሉ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬ ባለፈው ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። ‹አውቃለሁ እኮ ጓድ› አለችኝ። ‹ባርኔጣዎ በመስኮቱ ይታይ ነበር።›»

እንባዬ ያን ጊዜ መጣ። ያ ፈገግታ፣ በትከሻዬ አሻግራ የላከችው፣ ለካ ለእሳቸው ኖሯል።

«እኔም ‹ታዲያ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?› አልኳት» ብለው ቀጠሉ ጋሽ ታደለ። «መልሷን ስጠብቅ ተነስታ ወጥታለች። ከገዛ ቤቷ! እኔን ሳሎን ውስጥ ትታ። እኔም ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት፤ ስትመለስ ደግሞ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ…»

ቃሉ አፋቸው ላይ ተቋረጠ። ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ለቅሶኛውን እየዞሩ፣ እግዜር ያጥናችሁ እያሉ፣ ሁሉን በየስሙ ይሰናበታሉ ብዬ ጠበቅሁ። ማንንም አልተሰናበቱም። ባርኔጣቸውን ወንበራቸው ላይ አስቀመጡ። «ቦታዬን ያዝልኝ» አሉኝና በሰዎቹ መሐል አልፈው ከድንኳኑ ወጡ።

ሰዉ እየበዛ መቀመጫ ጠፋ። አንድ ወጣት መጥቶ የወንበሩን መደገፊያ ያዘና ባርኔጣውን አይቶ በዓይኑ ጠየቀኝ።

«ሰው አለው» አልኩት።